አንድ ዓይን ያለው ሙሽራ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በዳግም ትንሣኤ እሑድ፣ ቡሬ ከተማ ውስጥ ከወይዘሮ ንግሥቴ ቤት የበለጠ ተጠርጎ የዋለ ቤት አልነበረም። መደቡ አዲስ አጎዛ ለብሷል፣ ወለሉ ላይ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ጠላው ደርሷል። የሠፈር ሴቶች «እንዲያው ሰላም ልንላችሁ ነው» እያሉ አንድ በአንድ ገብተው ጥግ ጥጉን ይዘዋል። የሚጠበቀውን ሁሉም ያውቀዋል፤ በስሙ የሚጠራው ግን የለም። ከፍኖተ ሰላም ሽማግሌ ይመጣል።

የወይዘሮ ንግሥቴ ልጅ አልጣሽ ከጓዳው በር ኋላ ቆማ የመኪናውን መንገድ ታያለች። አባቷ አለቃ ገብረ ሕይወት በዳሞት አድባራት ግድግዳ ላይ መላእክትና ሰማዕታት ሲስሉ ኖረው የሞቱ ሠዓሊ ነበሩ። ርስት አልነበራቸውም። ለአንድ ልጃቸው ያወረሷት ጥላሸትን ከሙጫ ጋር አዋሕዶ ቀለም ማውጣትን፣ የፍየል ጠጉር አስሮ ብሩሽ መሥራትንና አንድን መስመር በአንድ ትንፋሽ መሳብን ነው። ሴት ናትና ቤተ ክርስቲያን ገብታ አትስልም። እጇ ሥራ አጥቶ ተቀምጦ ሳለ ነው ተስፋው የመጣው።

ተስፋው የግራዝማች ሃይለ ሚካኤል ልጅ ነው። አዲስ አበባ ተምሮ ተመልሶ ፍኖተ ሰላም ያስተምራል፤ ለአንድ የአዲስ አበባ ሳምንታዊ መጽሔትም የሥዕል ታሪክ ይሠራል። ገጹ በሳጥን በሳጥን ተከፍሎ፣ ሰዎቹ ከሳጥን ወደ ሳጥን እየተላለፉ ሲነጋገሩ የሚታዩበት ዓይነት ነው። በእርሳስ ሲስላቸው ሰዎቹ ይተነፍሳሉ። ቀለም ሲነካቸው ግን ይሞቱበታል፤ ብሩሽ አይታዘዘውም። አንድ ቀን የአለቃን ሥዕሎች ሊያይ ቡሬ መጥቶ ከልጃቸው ጋር ተገናኘ። አንዱን ገጽ እንደ ዋዛ ሰጣት። አልጣሽ ወረቀቱን ወደ ራሷ እያዞረች፣ ወፍራሙን መስመር ተጭና ቀጭኑን አንሳፋ አወጣችው። ተስፋው ሥዕሉን ትቶ እጇን ሲያይ ያዘችው። ሁለቱም ዓይናቸውን ሰበሩ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ በየሁለት ሳምንቱ በአውቶቡስ ይመጣ ነበር። በእናቷ ፊት እሱ እርሳሱን፣ እሷ ብሩሹን ይዘው ይቀመጣሉ። መጽሔቱ ላይ የሚታተመው የእሱ ስም ብቻ ነው፤ ያ አስከፍቷት አያውቅም። በሁዳዴ መጨረሻ ገደማ እናቷ ወደ ጓዳ ስትገባ ጠብቆ፣ «በኔ ሰዎች ላይ ነፍስ የምትዘሪው አንቺ ነሽ። እኔም ያለ አንቺ ነፍስ የለኝም። ለዳግም ትንሣኤ ሽማግሌ እልካለሁ» አላት። አልጣሽ ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነከረች። የዚያን ቀን መስመሯ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ተንቀጠቀጠ።

እነሆ፣ ቀኑ ደርሶ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። የመጣችው ጦይባ ብቻ ናት፤ መጽሔቱ የሚሸጥበት ሱቅ ባለቤት የአቶ ዑስማን ልጅ፣ የአልጣሽ የልብ ጓደኛ። በጓሮ በኩል ገብታ እጇን ያዘቻት።

«እታለም፣ ከሌላ ከምትሰሚው ከኔ ብትሰሚው ይሻላል። የግራዝማች ሽማግሌዎች ወጥተዋል። የሄዱት ግን ወደ ደምበጫ ነው። የባላምባራስ ዘሩን ልጅ ጠይቀው፣ እሺ ተብለው ተመልሰዋል።»

«ማን ነገረሽ?»

«አባቴ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ነበር። አገሩ ሁሉ ያወራል። የናንተ ስም ሲነሳ ግራዝማች፣ ‹ግድግዳ ሲለቀልቅ የሞተ ሰው ዘር ከቤቴ አይገባም› ብለዋል አሉ።»

«ተስፋውስ?»

ጦይባ መሬት መሬት አየች። «እዚያው ተቀምጦ ነበር። አንድ ቃል አልተነፈሰም።»

የሠፈር ሴቶች ሳይነገራቸው ገባቸው። ነጠላቸውን እያጣፉ፣ «በሉ መሸብን» እያሉ፣ እንዳመጣጣቸው አንድ በአንድ ወጡ። ወይዘሮ ንግሥቴ ጎንበስ ብለው ያልተረገጠውን ቄጤማ መልቀም ጀመሩ።  ቢያለቅሱ ይሻላት ነበር። የእናቷ ዝምታና የአባቷ ስም መዋረድ አንድ ላይ ሆነው አልጣሽ ደረት ውስጥ እንደ በረዶ ተቀመጡ። እንባ ጠብቃ ነበር፤ እንባው አልመጣም።

በሳምንቱ የአውቶቡሱ ሹፌር ይርሳው አንድ ፖስታ አደረሰላት። ከተስፋው ነው። ቀደደችው። አዲሶቹ የእርሳስ ገጾች ናቸው፤ ሌላ ምንም የለም። ይቅርታ የለም፣ ሰበብ የለም፣ ስሟ እንኳ የለም።

«ምንም አላለህም?» አለችው ይርሳውን።

«ቀልማ ትላከው፣ ብቻ ነው ያለኝ።»

«እቀልመዋለሁ» አለች አልጣሽ።

የታሪኩ ነገር ራሱ እግር ጥሎት የመጣ ይመስል ነበር። አንድ ባላባት ልጁን የሚድርበት ድግስ ነው፤ አባት፣ ሙሽራ፣ ሙሽሪት፣ ሁሉም ፊት ለፊት የሚያዩ ደጋግ ሰዎች ሆነው ተነድፈዋል። አልጣሽ ቀለሟን በጠበጠች። ከአባቷ የተማረችው አንድ ሕግ ነበር፤ በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያያል። ኃጢአተኛው፣ ከሐዲው፣ ይሁዳ ግን ከጎን ይሳላል፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። ማንበብ የማይችል የጎጃም ሰው እንኳ ይህን ያነባል።

ባላባቱን ወደ ጎን አዞረችው። የግራዝማችን ጎባጣ አፍንጫና እንደ ድንኳን የተወጠረውን ከርሳቸውን በአንድ ትንፋሽ አወጣችው። ሙሽራውንም አዞረችው፤ ቅንድቡ ላይ የተስፋውን ጠባሳ አኖረችለት፤ ያን ጠባሳ ዓይኗን ጨፍናም ትስለዋለች። ንግግሩን ሁሉ ፍቃ በየሳጥኑ አንድ ቃል ጻፈችለት፤ «እሺ፣ አባባ»። ሙሽሪቷን አይታት አታውቅም። የገበያ ሴቶች ግን አስካለ ማርያም እንደምትባል፣ ጉንጯም ላይ ማርያም የሳመቻት ምልክት እንዳላት ነግረዋታል። አልጣሽ ያንን ምልክት የብሩሹን ጭንቅላት ተጭና ጥቁር ጭቃ አደረገችው፤ ለልጅቷም የሆዳም አፍ ሰጠቻት።

በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያማረ መስመር ሠርታ አታውቅም ነበር። እጇ አልተንቀጠቀጠም።

«ይህን ፍኖተ ሰላም እንዳትጥለው» አለችው ይርሳውን፣ ጥቅሉን በሙጫ አሽጋ ስትሰጠው። «በቀጥታ አዲስ አበባ።»

አውቶቡሱ አቧራውን አስነሥቶ ሲሄድ እያየች ፈገግ አለች። ተማረ፣ ቀለም ቀመሰ ይሉታል፤ እስቲ አሁን ይቅመስ አለች በልቧ። ጣፋጭ ነበር፤ ማርም እንደዚያ አይጥም።

በግንቦት መጽሔቱ ደረሰ። ጦይባ ሱቁን ለአባቷ ትታ ሮጣ መጣች፤ ሳቅ አላናግር ብሏታል። ፍኖተ ሰላም ላይ አንዱ ለአንዱ እያዋሰ መጽሔቱ ተበጣጥሶ አልቋል። ግራዝማች በገበያ ሲያልፉ ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል። ተማሪዎች ተስፋውን «እሺ አባባ» ብለው ስም አውጥተውለታል፤ ጥቁር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ አንድ ዓይን ስለው ይጠብቁታል። በመጨረሻም ባላምባራስ ዘሩ፣ «የመንደር መሣቂያ ለሆነ ቤት ልጄን አልሰጥም» ብለው የተቀበሉትን ጥሎሽ መለሱ።

«ፈረሰ?» አለች አልጣሽ።

«ፈረሰ።»

ወይዘሮ ንግሥቴ ከጓዳ ሆነው ሰምተዋል። ብቅ ብለው ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። «አባትሽ በብሩሽ ሰው ሲያድኑ እንጂ ሰው ሲገድሉ አላየሁም» አሉና ተመለሱ። አልጣሽ ግን በዚያን ሰሞን የሚነካት ነገር አልነበረም። ሌሊት ስትተኛም ቀን ስትነሣም የግራዝማች አፍንጫ ፊቷ ላይ ይደቀናል፤ ትስቃለች።

የሣቋን መጨረሻ ያመጣችው አንዲት ልጅ ናት።

በገበያ ቀን ነበር። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ የተከናነበች ወጣት ከአንዲት አሮጊት አክስቷ ጋር ደጃፍ ቆመች። ከደምበጫ በአውቶቡስ መምጣቷን ተናገረች። ገብተው ተቀመጡ። ልጅቷ ዕድሜዋ ከአሥራ ስድስት አይበልጥም። ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠችው። በቀኝ ጉንጯ ላይ የጽጌረዳ ቅጠል የሚያህል ቀላ ያለ ምልክት አለ።

አልጣሽ የያዘችውን ብሩሽ አስቀመጠች።

«አስካለ ማርያም እባላለሁ» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነው። «ጠብ ፈልጌ አይደለም የመጣሁ። ይህን የሠራችውን እጅ ልየው ብዬ ነው።»

«አየሽው» አለች አልጣሽ።

«ሰውየውን አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም። ታጭተሻል አሉኝ፤ ፈርሷል አሉኝ። በሁለቱም አልጠየቁኝም። አሁን ውኃ ስቀዳ ልጆች ‹ጭቃ ጉንጭ› ይሉኛል። እናቴ ይህን ምልክት ማርያም ስማሽ ነው እያለች ነበር ያሳደገችኝ። እኔም አምኜ ነበር።» እንባዋ መጣ፤ አላበሰችውም። «ምን አድርጌሽ ነው፣ እታለም?»

አልጣሽን የገዛ ውርደቷ ትዝ አላት፤ ያ ያልተረገጠ ቄጤማ። ያንኑ ወስዳ በማታውቃት ልጅ ቤት አንጥፋዋለች።

«ምንም አላደረግሽኝም» አለች። «ላንቺ አልነበረም። መንገድ ላይ ቆመሽ አገኘሁሽና ረገጥሁሽ። እርሳስ ቢሆን በላጲስ አጠፋው ነበር፤ ቀለም አይጠፋም። ግን ተቀመጪልኝ። ታሪኩ አንድ ገጽ ይቀረዋል፤ እሱም ይታተማል።»

ከእርሳሱ ጀምራ ራሷ ነደፈችው። አስካለ ማርያምን መስኮቱ ሥር አስቀምጣ፣ ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይኗን እንዳለ ሳለቻት። ምልክቱን በብሩሹ ጫፍ፣ ቀለም ሳታበዛ፣ በስስ በስሱ አኖረችው። በዚያ የመጨረሻ ገጽ ሙሽሪቷ ከድግሱ መሐል ተነሥታ፣ «ማንም አልጠየቀኝም» ብላ በሩን ከፍታ ትወጣለች። አስካለ ማርያም ገጹን ስታይ አልሣቀችም፤ ጉንጯን በመዳፏ ዳሰሰች። ያ መዳሰስ አልጣሽን ከስድብ ይልቅ አቆሰላት።

ሰኔ ሲገባ፣ የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ማግሥት፣ ተስፋው መጣ። ጫማው ጭቃ፣ ፊቱ ከስቷል። ለወይዘሮ ንግሥቴ እጅ ነሥቶ ቆመ፤ ተቀመጥ ያለው የለም።

«እናቴ ፊት ተናገር» አለች አልጣሽ። «ምን ልትል ነው የመጣኸው? አባቴ አስገደዱኝ ነው?»

«አላስገደዱኝም። ሽማግሌ ሲልኩ እዚያው ነበርሁ። እንቢ ብል የሚገድለኝ አልነበረም። ምላሴ ከዳኝ፤ ዝም አልሁ። ደብዳቤ ጀምሬ ቀደድሁት፤ የምጽፈው ሁሉ ውሸት ሆነብኝ።»

ሰበብ ጠብቃ ነበር፤ ሰበቡን የምታፈርስበትን ቃል ሁሉ ሰድራ ነበር። እውነቱ ባዶ እጇን አስቀራት። እሱ ግን አልጨረሰም።

«ሌላም አለ። ያን ጥቅል አይቼዋለሁ፣ አልጣሽ። ይርሳው ብትከለክዪውም እንደ ልማዱ እኔ ዘንድ አምጥቶት ነበር። ፈትቼ አየሁት። የኔን ፊት አየሁ፣ የአባቴን አየሁ። መልሼ አሽጌ ላክሁት።»

 ወይዘሮ ንግሥቴ ቀና አሉ።

«አውቀህ ላክኸው?»

«አዎ። እኔ ማፍረስ ያቃተኝን ጋብቻ ያንቺ እጅ አፈረሰልኝ። የሚገባኝ ነው፤ ልቀበለው አልሁ። ምናልባት ይህን ስትሰሚ ...»

«ምናልባት ደስ ይለኛል?» አልጣሽ ተነሣች። ድምፅዋ አልጨመረም፤ እንዲያውም ቀነሰ። «እኔ በቀሌ የራሴ ነው ብዬ ነበር። እሱንም ወሰድህብኝ። አባትህን እንቢ ለማለት ከብሩሼ ኋላ ተደበቅህ። የዚያችን ልጅ ጉንጭ አይተሃል አይደል? ጭቃ ሆኖ አይተኸዋል። እኔ በንዴት ሠራሁት፤ አንተ ግን አስበህ ላክኸው።»

ተስፋው ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ።

«እወድሻለሁ» አለ።

«እሱን እናቴ ጓዳ ስትገባ ጠብቀህ ነግረኸኛል። አደባባይ ላይ ስትናገረው አልሰማሁም።» ወደ በሩ አመለከተች። «ለሰኔ ሚካኤል አባትህ ይዘክራሉ፤ አገሩ ሁሉ ይጠራል። እዚያ ቁም። ፈሪ ነበርሁ በል። የደምበጫዋ ልጅ በደል የለባትም በል። የሠዓሊው የአለቃ ገብረ ሕይወትን ልጅ እወዳለሁ በል፤ የአባቴን ስም ጠርተህ። ከዚያ በፊት ይህን ደጅ እንዳትረግጥ።»

«አባቴ ይክዱኛል።»

«ይካዱህ። እኔም ተክጃለሁ።»

እጅ ነሥቶ ወጣ። አልጣሽ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ቢያደርገው ምን እንደምትሆን፣ ባያደርገውስ ምን እንደምትሆን አላወቀችም፤ ከሁለቱ የትኛውን እንደምትፈራም ለራሷ መንገር አቃታት።

በሰኔ ሚካኤል ጠዋት አልጣሽና ጦይባ በማንኩሳ በኩል ፍኖተ ሰላም ገቡ። አልጣሽ ለእናቷ፣ «ሲዋረድ ላየው ነው የምሄደው» ብላለች። እናቷም «እንግዲያማ ነጠላሽን ደህና አድርገሽ ልበሺ» ብለው የራሳቸውን ባለ ጥበብ ሰጥተዋታል።

የግራዝማች ግቢ በሰው ሞልቷል። ካህናቱ ከዳሱ ራስጌ ተቀምጠዋል። ግራዝማች ቀኙን፣ የደምበጫ ሰዎች ግራውን ይዘዋል፤ ባላምባራስ ዘሩ ቂም ቢይዙም የሚካኤልን ዝክር አልቀሩም። አልጣሽ ከሴቶቹ መሐል ፊቷን ሸፍና ቆመች። ጸሎቱ ደርሶ ሰው ጠላ ሲይዝ ተስፋው ከመሐል ተነሣ።

«ይቅርታ አባቶቼ፣ አንድ ነገር ልናገር» አለ።  ከወጣቶቹ አንዱ በሹክሹክታ «እሺ አባባ» አለ፤ ሣቅ እንደ ንፋስ በዳሱ ሮጠ። አልጣሽ ያ ሣቅ ሲመጣ ደስታዋን ጠበቀች። ያ ስም የእሷ ሥራ ነው። ደስታው ግን የለም፤ ሣቂውን ልጅ በጥፊ ልትል ቃጣት።

ተስፋው ሣቁ እስኪያልፍ ቆመ። «ስሙ ልክ ነው» አለ። «አባቴ ሽማግሌ ሲልኩ ልቤ ሌላ ዘንድ እያለ እሺ አልሁ። ፈሪ ነበርሁ። ባላምባራስ፣ ልጅዎ አስካለ ማርያም በደል የለባትም፤ ነውሩ የኔ ነው። በአደባባይ ይቅር ይበሉኝ። እኔ የምወዳት የቡሬዋን አልጣሽን ነው፤ የሠዓሊውን የአለቃ ገብረ ሕይወትን ልጅ። እኒህ ካህናት የሚሰግዱበትን መቅደስ የሳሉት አለቃ ገብረ ሕይወት ናቸው።»

ከካህናቱ አንዱ ሽማግሌ፣ «እውነት ነው፤ ነፍሳቸውን ይማር» አሉ። ሌሎቹም «ይማር» አሉ። የአባቷ ስም በዚያ ግቢ ከአፍ ወደ አፍ ሲያልፍ አልጣሽ ሰማችው።

 ግራዝማች ጠላቸውን መሬት አስቀምጠው፣ ልጃቸውን ሳያዩ፣ «በሚካኤል ቀን አልረግምህም» አሉ። «ከዚህ ግቢ ግን እንግዳ ሆነህ ትወጣለህ።»

ተስፋው ጎንበስ ብሎ የአባቱን ጉልበት ሳመ። እሳቸው አልከለከሉትም፤ እጃቸውንም አላሳረፉበትም። ከዚያ በተከፈተለት መንገድ ወደ በሩ መራመድ ጀመረ። ማንም አልሣቀም። ሴቶቹ ዘንድ ሲደርስ፣ ከብዙ ሽፍን ፊቶች መሐል ሁለት ዓይኖች አየና ቆመ።

አልጣሽ የመጣችው ሲዋረድ ልታይ ነበር፤ አየችው፤ ሞልቶ ተርፎ ተሰጣት። ያን በረዶ ደረቷ ውስጥ ፈለገችው፤ ከዳግም ትንሣኤ ጀምሮ እሱን ይዛ ነበር የቆመችው፣ እሱን ይዛ ነበር ቀና የምትለው። አጣችው። ነጠላዋን ቀስ ብላ ከፊቷ ገለጠች። ጦይባ ትንፋሿን ዋጠች፤ ሴቶቹ ተንሾካሾኩ፤ ከዳሱ ራስጌ የግራዝማች ዓይን ዞረ። አልጣሽ አንዱንም አላየችም። ፊቷ ገሃድ ወጥቶ፣ ያለ ቂም፣ ያለ መከለያ፣ ከሚወዳት ሰው ፊት ቆማ፣ ሊያጣው የማይፈልገውን ነገር በእጁ እንደያዘ ሰው ፈራች።